አልምልም ያለኝ ሬዲዮ ሠሪ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ፣ የበቆሎ እሸት ሊደርስ በተቃረበበት ወቅት ነው። ሰው ሲምል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ሲምል ሳይሰማ የሚመሽበት ቀን ስለሌለ፣ የማልረሳበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ስሜ እንድሪስ ነው። ቤተሰቤ የወሎ ሰው ነው። ከድርቁ በኋላ በሰፈራ አንገር ጉቲን መጥተን ሰፈርን። እኔ እግሬ ላይ የማይደርቅ ቁስል ወጥቶብኝ ለሕክምና ወደ ነቀምቴ ተላክሁ። እግሬ ዳነ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። የሰፈራው ጽሕፈት ቤት የሚሰጠኝን የፈቃድ ወረቀት እያሳደስኩ ከተማ ቀረሁ። ጋሽ ሽፋ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ የሱቃቸውን በረንዳ ጥግ ሰጡኝና እዚያ ሰዓት መጠገን ጀመርኩ።

ሰዓት ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣሉ ሰዓቶችን ስፈታና ስገጥም ነው የለመድኩት። መጀመሪያ ላይ ገጥሜ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ የሚተርፍ ነገር ነበር። መትረፉ ሲያቆም ጠረጴዛ አወጣሁ።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ነው። አባቴ ከጎጆው ጀርባ ያለችውን በቆሎ ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። አንገር ቆላ ነው፤ ዝንጀሮው መንጋ መንጋውን ይመጣል። አባቴ የሚጠብቀው ብቻውን ነው፤ ሲጮህ ግን ብቻውን አይመስልም። «ሃይ! ሰይድ፣ በወንዙ በኩል ዙር! አሊ፣ ድንጋይ ያዝ! እንዳያመልጥ!» ይላል። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጮኸው፤ ዝንጀሮው ጠባቂው ብዙ መስሎት እንዲሸሽ። በሰፈራው የተለመደ ነው።

በዚያ ዓመት አባቴን ሳል ያዘው። እናቴ በአንድ የጭነት መኪና ረዳት በኩል እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «አባትህ ድምፁ አልወጣ ብሎታል። ዝንጀሮዎቹም ይህንን አውቀዋል።»

መልእክቱ ከደረሰኝ በኋላ ተቀምጬ መሥራት አልቻልኩም። የሰዓት ብሎን ከእጄ ያመልጠኛል፤ በረንዳው ላይ ተንበርክኬ ስፈልግ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይወስደኛል። እሸቱ ሊደርስ ነው። ያ በቆሎ ከተበላ እናትና አባቴ ዓመቱን የሚያልፉበት ሌላ ነገር የላቸውም። እኔ ሄጄ ብጠብቅ ደግሞ ተመልሼ መውጫ ፈቃድ ማግኘቴን እንጃ።

አንድ ቀን የአንድ አስተማሪ የደወል ሰዓት ፈትቼ ስጠግን፣ ጋሽ ሽፋ ሱቁ ውስጥ ቴፕ ከፍተው መንዙማ ያዳምጡ ነበር። ደወሉ ጮኸ፣ ቆመ። ቴፑ ይቀጥላል። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ሰዓት ቴፕን መክፈትና መዝጋት ቢችል፣ ካሴቱ ላይ ያለው ደግሞ የአባቴ ጩኸት ቢሆን፣ አባቴ እቤቱ ተኝቶ ማማው ራሱ ይጮሃል።

ጋሽ ሽፋ ክዳኑ የተሰበረ አሮጌ ቴፕ ነበራቸው፤ ሰጡኝ። እሱን ይዤ፣ ድንጋይ ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ በኡኬ አልፌ አንገር ጉቲን ሄድኩ። አባቴን «ጩህ» አልኩት።

«ለዚች ዕቃ ነው የምጮኸው?» አለ። «ዝንጀሮ በሌለበት? ሰው ቢሰማኝ አበደ ነው የሚለኝ።»

ጠዋቱን ሙሉ ዝንጀሮ ጠበቅን። አልመጣም። አባቴ ማማው ላይ፣ እኔ ከማማው ሥር ቴፑን ታቅፌ። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ከጫካው ጫፍ ወጥቶ ቁጭ ሲል አባቴ የቀረውን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ ጮኸ። እኔም የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። ካሴቱ ላይ ጩኸቱም አለ፣ በመጨረሻ ሳሉም አለ። ሳሉን ላጠፋው አልቻልኩም፤ ጩኸቱና ሳሉ አንድ ላይ ነው የሚወጡት።

ነቀምቴ ስመለስ የቀረኝ የሚሠራው ሰው ነበር። እኔ የማውቀው ጥርስና ሞላ ነው፤ ሽቦና ባትሪ አላውቅም። የሬዲዮ ሙያ ያለው ሸሪክ ያስፈልገኛል። ግን ፈራሁ። ሐሳቡን ለማን ልንገረው? የሬዲዮ ሙያ ያለው ሰው አንዴ ከሰማው እኔን ምን ያደርግልኛል? ራሱ ሠርቶ ለመንግሥት እርሻ ድርጅት ቢያቀርበው ማን ይጠይቀዋል? ይህን ሳብሰለስል ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ መጀመሪያ ይማላል፣ ከዚያ ይሰማል።

ሰው ሁሉ የሚመራኝ ወደ ኦቦ ዋቅቶላ ነበር። ከገበያው ወደ ጨለለቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠባብ ክፍል አለችው። ጎልማሳ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩት ሬዲዮዎች ሁሉ ጀርባቸው ክፍት ነው።

«አከም ጅርተ፣ ኢልማ ኮ» አለኝ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለቱ ነው። «ሰዓት ሠሪው አይደለህ?»

«ነኝ። አንድ ሥራ አስቤ ነበር፣ ኦቦ ዋቅቶላ። የእርስዎ እጅ ያስፈልገዋል። ሸሪክ እንድንሆን ነው።»

«ምንድን ነው ሥራው?»

«መጀመሪያ ለማንም እንዳይናገሩ ይማሉልኝ።»

የመበየጃውን ብረት አስቀመጠና አየኝ። «አልምልም» አለ።

«ለምን?»

«አልናገርም ካልኩህ አልናገርም። የምናገር ሰው ከሆንኩ ደግሞ ብምልም እናገራለሁ።»

«ሰው ሁሉ ይምላል እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው ሰው ሁሉ ማል ማል የሚባለው» አለና ብረቱን መልሶ አነሳ።

ወጣሁ። በእኛ ዘንድ ማል ተብሎ እምቢ ያለ ሰው፣ የጠፋው ዕቃ እሱ ቤት ነው ማለት ነው። ለጋሽ ሽፋ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«እሱ ጴንጤ ነው፤ እነሱ አይምሉም። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ እሱም አንዴ ታስሮ ተፈቷል። ለመንግሥት ያልማለ ለአንተ ሊምልልህ ነው?»

«ታዲያ በምን ልመነው?»

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋን ደብቀህ ሽማግሌ ትልካለህ» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። መናኸሪያው አጠገብ ደምሴ የሚባል ሌላ ሬዲዮ ሠሪ ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ፣ አፉ ፈጣን። እሱ ማል ከማለቴ ማለ። በማርያም ማለ፣ በእናቱ አጥንት ማለ፣ ሳልጠይቀው በልጁም ጨመረልኝ። «ይቺን ባወራ ምላሴ ይቆረጥ» አለና «ግን ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። «ዝንጀሮ በቴፕ! አንተ ወሎዬ፣ ልትገድለኝ ነው?» አለ። ቴፑንና ካሴቱን ተቀበለኝ። ነገ ና አለኝ። በማግስቱም ነገ ና አለኝ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ልቤ መናኸሪያው ጋ ነው። ከአንገር የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር እየተነሳሁ «እሸቱ እንዴት ነው?» እላለሁ። አንዱ ሾፌር መረረውና «ሰዓት ሠሪ ነህ ወይስ ግብርና ሚኒስቴር?» አለኝ።

አንድ ቀን ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሰው «ደምሴ ጋ ያለው የዝንጀሮ ዕቃ ያንተ ነው አሉ» አለኝና ሳቀ። ደምሴ ጠጅ ቤት አውርቶታል ማለት ነው። ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ወሬዋ ጥሩ ስለነበረች ነው። ግን ወሬ እንደተነገረ አይቆይም። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ተሸካሚ ጠጋ ብሎ «ሰዓት የታሰረበት ሽቦ ያለው ነገር እየተሠራ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። በመጀመሪያው ሰው አፍ ላይ ዝንጀሮው ነበረ። በሁለተኛው አፍ ላይ ዝንጀሮው ወጣ፤ ሰዓቱና ሽቦው ቀሩ።

ጊዜው ጫካ ውስጥ የታጠቁ ሰዎች አሉ የሚባልበት ጊዜ ነው። በየኬላው ፍተሻ ነው። ሰዓትና ሽቦ አንድ ላይ መጠራታቸው ለጨዋታ አይሆንም። ሮጬ ሄጄ ዕቃዬን ከደምሴ ወሰድኩ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «በማርያም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

መንገድ ላይ ዕቃውን ታቅፌ ቆምኩ። በረንዳው ላይ ላኖረው አልችልም፤ ወደ አንገር ልውሰደው ብል አልተሠራም። እግሬ ወደ ኦቦ ዋቅቶላ ወሰደኝ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ሐሳቡን፣ ደምሴን፣ ወሬውን። ማል አላልኩትም። ካሴቱን ልስማው አለ። አጎንብሶ ሳሉ እስኪያበቃ ድረስ ሰማ።

«አባትህ ነው?»

«አዎ።»

«ሳሉን ሐኪም አይቶታል?»

ስለ ማሽኑ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። አላየውም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጠረጴዛው ላይ ቦታ አጸዳ። «የመጀመሪያው ለአባትህ ነው። ከዚያ በኋላ የምንሠራው ካለ እኩል እንካፈላለን» አለ።

«ለማንም አይናገሩም?»

«አልናገርም» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እወዳቸዋለሁ። የሰዓት ሥራዬን ስጨርስ ወደ እሱ እሄዳለሁ። እኔ ከአንድ አሮጌ የደወል ሰዓት ጋር የሚዞር የነሐስ ክብ ቆረጥኩ፤ ጠርዙ ላይ ጥርስ አለው። ጥርሱ ሲመጣ ስስ የመዳብ ልሳን ይገፋል፤ ልሳኑ ከሌላ መዳብ ጋር ሲነካካ ቴፑ ይነሳል፤ ጥርሱ ሲያልፍ ቴፑ ይቆማል። እሱ ከአንድ የተበላሸ የሸክላ ማጫወቻ ማጉያውን አወጣና ድምፁን አሳደገው፤ ጩኸቱንም በካሴቱ ሁለት ገጽ ላይ ደጋግሞ ቀዳው። የሬዲዮ ድምፅ ማውጫውን በተቆረጠ የዘይት ጣሳ አፍ ላይ አሰረው። የካሴቱ አንድ ገጽ ሲያልቅ የሚገለብጠው ሰው ያስፈልጋል፤ ያንን እናቴ ታደርገዋለች ብለን ተስማማን።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከርን። እኔ ጥርሶቹን ሁሉ በእኩል ርቀት ነበር የቆረጥኳቸው። አንዱ ከሌላው በፀጉር አይበልጥም። ኦቦ ዋቅቶላ ክቡን ወደ ብርሃን ይዞ «ያምራል። ግን በየሰዓቱ የሚጮህ ሰው የለም፤ እንደዚያ የሚጮህ ደወል ነው። ዝንጀሮው በሳምንት ያውቀዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሌላ ነሐስ ወስጄ ጥርሶቹን አንዱን አቅርቤ ሌላውን አርቄ ቆረጥኩ። ሆን ብዬ ማዛነፍ እንደዚያ ይከብደኛል ብዬ አላስብም ነበር። ስቆርጥ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ እሱ እያየ ይስቃል።

ማሽኑ አልቆ አንዴ ሞከርነው። በጎረቤት ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ። በሚቀጥለው መኪና እንድወስደው ወሰንን።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬን ሳወጣ ጋሽ ሽፋ ሱቁን ገና ሙሉ በሙሉ አልከፈቱትም። ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። «ትናንት ማታ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ዋቅቶላን ወስደውታል። ዕቃውንም ወስደዋል» አሉኝ። «አንተ አታውቀውም። ሰዓትህን ሥራ።»

ሰዓቴን ልሠራ ተቀመጥኩ። የማን ሰዓት እንደነበረ እንኳ አላስታውስም። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። የፈቃድ ወረቀቴ ቀኑ አልፎ ነበር፤ ማሳደሻ ልኬ ገና አልመጣልኝም። ቀበሌ ከገባሁ ለዚያ ብቻ እንኳ ይይዙኛል። ደግሞስ ሰዓትና ሽቦ ይዞ የተገኘ፣ ፈቃድ የሌለው ሰፋሪ ምን ብሎ ያስረዳል? በሌላ በኩል ኦቦ ዋቅቶላ ሁሉንም ይናገራል ብዬ መንገዱን እያየሁ ነበር። ቆብ ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር አጎነብሳለሁ። ማንም አልመጣም። ያለመምጣታቸው ይበልጥ ረበሸኝ።

ቀትር አካባቢ የኦቦ ዋቅቶላ ሚስት አዴ ጫልቱ የምሳ ሣህን በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ሰዓት እንደምታሠራ ሰው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመችና ከመቀነቷ ውስጥ አንዲት ነገር አውጥታ አስቀመጠች። ሰዓት ስሠራ ዓይኔ ላይ የምሰካት ማጉያ ነበረች። እሱ ጋ ረስቻት ነው።

«ሊወስዱት ሲመጡ አየኋት» አለችኝ። «ቀድሜ አነሳኋት። በከተማው እንዲህ ያለች ከአንተ ሌላ ማንም እንደሌለው ይታወቃል።»

«እሱስ ምን አላቸው?»

«ዝንጀሮ ማባረሪያ ነው አላቸው። አላመኑም። ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የማን ነው፣ የሚጠራቸው ሰዎች እነማን ናቸው አሉት። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም አለ።» ማጉያዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። «የቀበሌው ሊቀመንበር እኮ ክፉ ሰው አይደለም። ሬዲዮውን የሚያሠራው እኛ ጋ ነው። ‹ባለቤቱንም አላውቅም ብለህ ማልና ቤትህ ግባ› ብሎት ነበር። ዋቅቶላ ደግሞ እንደማይምል ታውቃለህ።»

ቋጠሮዋን አነሳች። «እንድትሄድ ብዬ አልመጣሁም። ምሳ ላደርስለት ስሄድ መንገዴ ነው» አለችና ሄደች።

ከጀርባዋ ሳያት ልሂድ ያለው ጭንቅላቴ ሳይሆን እግሬ ነው። ጋሽ ሽፋ «ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። «እንግዲያስ ጠረጴዛህን እኔ አስገባዋለሁ» አሉ።

የቀበሌው በር ላይ ለቆመው ጠባቂ «ቴፑ የእኔ ነው» አልኩት። መጀመሪያ ቴፕ ልሸጥ የመጣሁ መስሎት ነበር።

በሊቀመንበሩ ክፍል ውስጥ ማሽናችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰዓቱን አቁመውታል። ኦቦ ዋቅቶላ ከግድግዳው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ተጨማድዷል፤ ምሳው ሳይነካ ከጎኑ አለ። ሲያየኝ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ባትመጣ ይሻል ነበር የሚል መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ስሜንና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ካሴቱን አስነሳው። የአባቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ሃይ! ሰይድ፣ በወንዙ በኩል ዙር! አሊ፣ ድንጋይ ያዝ! እንዳያመልጥ!» በዚያ ክፍል ውስጥ ስሰማው ለእኔም አስፈራኝ። ሰው ሰውን ለመያዝ የሚሰጠው ትእዛዝ ይመስላል።

«ይህ ማነው?»

«አባቴ ነው። በቆሎ እየጠበቀ ነው።»

«ሰይድ ማነው? አሊስ?»

«ወንድሞቼ ናቸው።»

«የት ነው ያሉት? አሁን ይምጡ።»

«ወሎ ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሰፈራ መጣን አላልክም? እነሱ ወሎ ምን ያደርጋሉ?»

«ተቀብረዋል» አልኩት። «በድርቁ ጊዜ፣ መጠለያው ዳር።»

ካሴቱ አሁንም ይዞራል። አባቴ እንደገና «አሊ!» አለ። ሊቀመንበሩ ዘጋው።

«የሞተ ሰው ዙር ይባላል?» አለ፤ ድምፁ ግን ቀድሞ እንደነበረው አልነበረም።

«ጠባቂው ብዙ እንዲመስል ሰው ሁሉ የሰው ስም ይጠራል። አባቴ የሚጠራው እነሱን ነው። እዚያ አገራችን ሳለን ማሽላውን ከእሱ ጋር የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። የእኔን ስም አይጠራም። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ብጠራም አልሰማውም።»

ጠባቂው በሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጣል። ሊቀመንበሩ እርሳሱን ሲያዞር ቆየ። «እውነት ስለመሆኑ ማል» አለኝ።

ማልኩ። ወላሂ አልኩ። በአባቴ ማልኩ። በወንድሞቼ አፈር ማልኩ። ሦስተኛው ላይ ራሴም የደምሴን ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ሊቀመንበሩም «በቃ፣ በቃ» ብሎ እጁን አወዛወዘ። «መሐላ የሚያልቅበት ሰው የለም። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰማሁት መሐላ ቢቆጠር» አለና ሳይጨርሰው ወደ አግዳሚው ዞረ።

«ዱጋዳ?» አለው ኦቦ ዋቅቶላን በኦሮምኛ። እውነት ነው?

«ኤዬ» አለ ኦቦ ዋቅቶላ። አዎ ማለት ነው።

ሊቀመንበሩ ከዚህ በላይ የጠየቀው ነገር የለም። ለጠባቂው «ይህ ሰው ሐሰት ቢያውቅበት ኖሮ ትናንት ቤቱ ባደረ» አለው። ከዚያ ለእኔ «ወረቀትህ አልፎበታል። በመጀመሪያው መኪና ወደ ሰፈራህ ትመለሳለህ። ይህን ጉድህንም ይዘህ ሂድ» አለኝ። ኦቦ ዋቅቶላን ደግሞ ሳያስፈቅድ ከቀበሌው እንዳይወጣ አዘዘው።

ውጭ ስንወጣ ፀሐዩ በርትቷል። ማሽኑን እኔ ታቅፌያለሁ፣ እሱ ያልተበላ ምሳውን ይዟል። አንድ ነገር ማለት ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነው።

«ባለቤቱን አላውቀውም ቢሏቸው ምን ነበረበት?»

«አውቅህ የለ እንዴ?» አለኝ። ነገሩ በእሱ ዘንድ እዚያው ያለቀ ነበር። «ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ። ሠርቶ እንደሆነ ግን ትነግረኛለህ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሳፈርኩ። እሸቱ ደርሶ ነበር፤ ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ መሐሉ አለ። ማሽኑን ማማው ላይ አሰርነው። ሰዓቱን ሞላሁና ወርደን ጎጆው ደጃፍ ተቀመጥን። አባቴ አላመነም ነበር። ድምፁ ከበቆሎው ውስጥ ሲወጣ ግን ብድግ አለ፤ እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ ሰማ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሰይድና አሊ ተጠሩ፣ በወንዙ በኩል ዞሩ፣ ድንጋይ ያዙ፣ ከዚያ ሳሉ መጣና ቆመ።

አባቴ ብዙ ቆይቶ «እኔ ሲደክመኝም ይጠራቸዋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተን አልጠራሁህም ለካ» አለኝ።

ወቅቱን ሙሉ እዚያው ነበርኩ። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ የፈቃድ ወረቀት አገኘሁና አባቴን ሐኪም ላሳይ ይዤው ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ። አባቴን ሆስፒታል አልጋ አስይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኦቦ ዋቅቶላ ነው። አንድ ሬዲዮ ከፍቶ አጎንብሷል። ሳያየኝ በእግሬ ድምፅ ያወቀኝ መሰለኝ።

«ሠራ?» አለ።

«ወላ...» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። «አዎ» አልኩት። «ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ብቻ መጨረሻ ላይ ለመደው። ጣሳው ሥር ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሌሎቹ ግን አልመጡም።»

ቀና ብሎ ሳቀ። ከዚያ ክቡ ላይ ያሉት ጥርሶች ይበልጥ መዛነፍ እንዳለባቸው ተነጋገርን።

ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሰፋሪዎችም ጥቂት ሠርተን እንደቃላችን እኩል ተካፍለናል። ዛሬ ጸሎት ቤታቸው ተከፍቷል፣ እሱም ያንኑ ክፍል አልለቀቀም። እኔ አሁንም ሰዓት እሠራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደንበኛ ሰዓቱን ትቶልኝ ሲሄድ «እንዳትለውጥብኝ፣ ማልልኝ» ይለኛል። አልለውጥም እለዋለሁ። አንዳንዱ ትቶልኝ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ተጠራጥሮ ሰዓቱን አንስቶ ይወስዳል። የሚወስደውን ሰው አልቀየመውም። እኔም ከኦቦ ዋቅቶላ ክፍል እንደዚሁ ተጠራጥሬ ወጥቼ አውቃለሁ።